ምዕራፍ ሰባት፦ ጄስቶርን በቤተ መጻሕፍት በኩል መጠቀም

ጄስቶር የምሁራን መጽሔቶች የቆዩ እትሞች ገጽ በገጽ በስካነር ተነሥተው የሚቀመጡበት ዲጂታል ማኅደር ሲሆን፣ በአሜሪካው የአንድሩ ሜሎን ፋውንዴሽን አነሣሽነት እ.ኤ.አ. በ1995 ሲቋቋም ዋና ዓላማው መደርደሪያቸው በአሮጌ መጽሔት የተጨናነቀባቸውን ቤተ መጻሕፍት ከቦታ ጥበት መገላገል ነበር። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ያሳተመው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔትም በዚሁ ማኅደር ስለሚገኝ፣ በኮልፌ ቀራንዮ አየር ጤና ወይም ቤቴል የሚኖር ተማሪ ለአንድ ጽሑፍ ሲል ተቋሙ እስካለበት ስድስት ኪሎ ድረስ ታክሲ መቀያየር ላያስፈልገው ይችላል።

ማኅደሩ ደንበኛዬ የሚለው በአብዛኛው ቤተ መጻሕፍቱን እንጂ አንባቢውን አይደለም። አባል በሆነ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር በአይፒ አድራሻው፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በሚለይበት ቁጥር፣ ስለሚታወቅ የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ ይገባል፤ ከግቢ ውጭ ለመግባት ግን ቤተ መጻሕፍቱ የርቀት መግቢያ ማዘጋጀቱን ከባለሙያዎቹ መጠየቅ ይገባል። የየትኛውም ተቋም አባል ያልሆነ ሰው በነጻ ተመዝግቦ በየ30 ቀኑ እስከ 100 ጽሑፎችን በስክሪን ላይ ማንበብ ይችላል። የብዙ መጽሔቶች የቅርብ ዓመታት እትሞች የማይታዩት «ተንቀሳቃሽ ግንብ» በሚባለው አሠራር ምክንያት ነው፤ አሳታሚው ለተወሰኑ ዓመታት የሚያዘገየው እትም ዓመት ባለፈ ቁጥር በተራው ይለቀቃል።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ከበሩ ላይ ሳይሆን ከፍለጋው ሳጥን ላይ ነው። በኮልፌ ቀራንዮ ስለሚገኘውና በስጋ ደዌ ሕክምና ስለሚታወቀው ስለ አለርት ሆስፒታል የሚያጠና ሰው ስሙን በላቲን ፊደል ብቻ ቢጽፍ፣ ቃሉ በእንግሊዝኛ «ንቁ» ወይም «ማስጠንቀቂያ» ማለት ስለሆነ፣ ከስጋ ደዌ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የጽሑፍ ጎርፍ ይመጣበታል። መፍትሔው የሆስፒታሉን ስም ከስጋ ደዌ የእንግሊዝኛ ስያሜ ጋር «ኤንድ» በሚለው ማያያዣ፣ በትልልቅ የላቲን ፊደላት ተጽፎ፣ ማጣመር ነው፤ ማያያዣው ሁለቱ ቃላት በአንድነት የሚገኙበትን ጽሑፍ ብቻ ያመጣልና። የሆስፒታሉ የቀድሞ መጠሪያ፣ ለሰፈሩም ስም የሆነው «ዘነበወርቅ»፣ ሌላ ፈተና አለው፤ አንዱ ጸሐፊ አጋጥሞ፣ ሌላው ነጣጥሎ፣ ሦስተኛው በአናባቢዎቹ ላይ ነጥብ እየጨመረ ስለሚጽፈው፣ አጻጻፎቹን ሁሉ «ኦር» በሚለው ማያያዣ ደርድሮ መፈለግ ግድ ይላል። የሰው ስምም እንዲሁ ነው፦ የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ በውጭ አገር መዝገቦች «ዘውዴ» በሚለው ሥር ሊመደቡ ስለሚችሉ፣ በባሕሩ ያላገኛቸው ሰው በአባታቸው ስም መሞከር አለበት። የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ የሚቆጥር መዝገብ የተሠራው ለእኛ የስም ሥርዓት አይደለምና ሸክሙ ፈላጊው ላይ ይወድቃል።

ሁሉም ነገር በጄስቶር አይገኝም። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክኸርስት በኢትዮጵያ ስለነበረው የስጋ ደዌ ታሪክ እስከ እ.ኤ.አ. 1935 ድረስ ያለውን ዘመን ይዘው እ.ኤ.አ. በ1984 በአንድ የሕክምና ታሪክ መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ፐብሜድ ሴንትራል በተባለው ሌላ ማኅደር የተቀመጠ ሲሆን፣ የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ የሌለው የዘነበወርቅ ነዋሪም ያለ ክፍያ ሊያነበው ይችላል።