ጭቃው ሳይደርቅ ድረሺ

ልጄ፣ መቱ ላይ በመድን ድርጅቱ የካሳ ክፍል ተመድበሽ ልትሄጂ ነው ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ትንሽም ሰጋሁ። ልብሽ ቅን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሥራን ለነገ ማሳደር ትወጃለሽ፤ እዚያ አገር ደግሞ ነገ ዝናብ ነው። በዚህ ሥራ ያረጀሁ ነኝና ይህችን ምክር ያዢልኝ።

1. አደጋ በተነገረሽ ዕለት ተነሺ። የኢሉባቦር ዝናብ በበልግ ከጀመረ እስከ ጥቅምት አይለቅም። ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወርደው ቁልቁለትም ይሁን በኖፓ መንገድ አይሱዙ ቢገለበጥ፣ የጎማው ዱካ ማታውኑ ይታጠባል፤ ጭነቱን ሰው ያነሣዋል፤ ያየ የሰማም ገበያ ውሎ ወደ ቀዬው ይገባል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ በ2013 ብዙ ክፍሉ ሲለወጥ የመድኑ ክፍል ባለበት ቀርቷል። ያ ሕግ ባለንብረቱን አደጋውን ባወቀ በ5 ቀን ውስጥ አስታውቅ ይለዋል። አምስቱ ቀን የእሱ ነው እንጂ የአንቺ አይደለም።

2. ዝገት አይተሽ አትፍረጂ። እኔ ፈርጄ አውቃለሁ። አንድ ክረምት፣ ከበደሌ ወዲህ ቡና እንደጫነ ገደል የገባ መኪና ለማየት በአራተኛው ቀን ደረስኩ። የፓራፋንጎው ቅዳድ ከንፈሩ ብርቱካን መስሏል። «የቆየ ጉዳት» ብዬ ጻፍኩ፤ የምሠራበት መድን ድርጅትም ቃሌን አምኖ የዚያን ጉዳት ያህል ከካሳው ቀነሰ። ወራት ቆይቶ አንድ የጋራዥ ሠራተኛ ሌላ መኪና ላይ የተቀደደ ላሜራ አሳየኝና በሚስማር ጫር አደረገው። ብርቱካኑ እንደ ዱቄት ረገፈ፤ ከሥሩ ብረቱ ነጭ ሆኖ አበራ። የጥቂት ሌሊት ዝናብ ያመጣው ዝገት እንዲህ ነው። የቆየው ግን ጠቁሮ ብረቱን ይበላዋል፤ ብትጭሪው ጎድጉዶ ታገኚዋለሽ። ባለመኪናው የጎደለውን ለመሙላት የእርሻ በሬዎቹን ሸጦ ነበር። በዕለቱ ደርሼ ቢሆን ዝገቱም ባልኖረ። እናም ከሜትርሽ ጋር አንድ ሚስማር አኑሪ፤ ጫሪ፣ ፎቶ አንሺ፣ ከዚያ ጻፊ።

3. ወረቀት ከመጠየቅሽ በፊት ሰላም በይ፤ በኦሮምኛም ቢሆን ልመጂ። ንብረቱ ገደል ውስጥ ያለ ሰው ፊት ቆመሽ «ሊብሬ አምጣ፣ ቦሎህ የታል» ብትዪ አፉ ይዘጋል። ረዳቱ በኦሮምኛ የነገረሽን በአማርኛ ስትጽፊ ደግሞ መልሰሽ አስነብቢው፣ ማንበብ ካልቻለ በቋንቋው ይነበብለት። «ፍሬኑ እምቢ አለ» እና «ፍሬን ሳይይዝ ቀረ» ለጆሮ ቅርብ ናቸው፤ ፋይል ውስጥ ሲገቡ ግን የአንድን ሰው እንጀራ ይወስናሉ።

4. ቡናውን ጠጪ፣ ማሩን አትጫኚ። ቤት ያፈራውን ስኒ መግፋት ነውር ነው። መኪናሽ ላይ የተጫነ የማር እንስራ ግን ግምትሽን ያጣምመዋል፤ ባያጣምመው እንኳ ጎረቤት ያየዋል። ለጋራዥ ባለቤትም ያው ነው፤ ፕሮፎርማ የሚያስገባልሽ ሰው ምሳሽን አይክፈል።

5. መራራውን ነገር አስቀድመሽ ተናገሪ። ሰው ሁሉ ፖሊሲው ላይ የተጻፈውን ብር ሙሉውን የሚያገኝ ይመስለዋል። ካሳ ግን ንብረቱ በአደጋው ቀን ካለው ዋጋ አይበልጥም። ዛሬ 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ1 ሚሊዮን ብቻ ዋስትና ተገብቶለት ከሆነ፣ የ200 ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስ የሚታሰበው 100 ሺህ ነው፤ ለቀረው ግማሽ ባለንብረቱ የራሱ ዋስ ነው። በውሉ ራሱ የሚችለው ኤክሰስም ከዚያ ላይ ይነሣል። የመኪና ዋጋ እንዲህ በሚወጣበት ዘመን ይህን አደጋ ከደረሰ በኋላ መስማት ዘረፋ ይመስላል። ውል ሲታደስ ከሽያጭ ልጆቹ ጋር ተቀመጪና ለደንበኛው በብር አስልተሽ አሳዪው።

6. ያልመጣውን ፈልጊ። ይህ ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። ባለመኪናው ቢሮሽን ያውቀዋል፤ ባጃጅ የገጫት፣ ከገበያ ስትመለስ የነበረች እናት ግን አታውቀውም። የሦስተኛ ወገን መድን በተሽከርካሪ ላይ ግዴታ የሆነው ለእሷ ነው። አስቸኳይ ሕክምናም ከመብቷ ውስጥ ነው። ገጭቶ ያመለጠ ቢሆን እንኳ ለዚሁ የተቋቋመ ፈንድ አለ። የትራፊክ ፖሊሱን ስሟን ጠይቂና ሆስፒታል ድረስ ሂጂ። አልጋዋ አጠገብ ቆመሽ መብቷን ንገሪያት። ማንም አያዝሽም፤ አድርጊው።

7. እምቢ የሚባል ከሆነ ራስሽ ሄደሽ በይ። እዚያ ሰው ዋስትናን የሚያውቀው ከዕድሩ ነው፤ ዕድር ለቅሶ በሰማበት ቀን ድንኳን ይተክላል፣ ቅጽ አያስሞላም። አንቺ ደግሞ ስንት ወረቀት አስሞልተሽ በመጨረሻ ደብዳቤ ትልኪለታለሽ። እኔም ለዚያ በሬዎቹን ለሸጠው ባለመኪና የላክሁለት ደብዳቤ ነበር። ስህተቴን ካወቅሁ በኋላ ፋይሉ እንደገና እንዲታይ ጻፍኩ፤ የቀረው ብር ሲፈቀድለት ቤቱ ድረስ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «ያኔ መጥተው ቢነግሩኝ ኖሮ ሚስማሩን እኔው አመጣልዎት ነበር» አለኝ።