አንድ መጽሐፍ፣ ብዙ ልጆች

ጥያቄ፦ በኮልፌ ቀራኒዮ የ5ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ታሪክ ማለት ዓመተ ምሕረት መሸምደድ መስሏቸዋል። የልጆች የታሪክ መጻሕፍት ይረዱኝ ይሆን? የማገኘው ደግሞ አንድ ቅጂ ብቻ ነው።

መልስ፦ እትዬ መምህርት፣ አንድ ቅጂም ይበቃል፤ ከሰፈርዎ ብቻ ይጀምሩ። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚያው ኮልፌ፣ ፖሊስ ማሠልጠኛው ውስጥ ነው። 6 ወር ይቆያል የተባለው ሥልጠና በ8 ሳምንት ተቋርጦ ወደ አገራቸው ተጠሩ፤ ሲሰናበቱ ከአሠልጣኞቻቸው አንዱ የነበሩት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ሽጉጥ ከ200 ጥይት ጋር ሰጧቸው። አገራቸው ገብተው ብዙም ሳይቆዩ ሐምሌ 29 ቀን በፖሊስ ተያዙ። ይህን የሚተርከውን ግለ ታሪካቸውን ደቡብ አፍሪካዊው ክሪስ ቫን ዋይክ ለልጆች አሳጥሮታል፣ ሥዕልም አለው። እንግሊዝኛ ስለሆነ እርስዎ ሥዕሉን እያሳዩ በአማርኛ ይተርኩላቸው።

በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ ሲደርሱ መጽሐፉን ይክደኑት። ከዚያ ይጠይቁ፦ ይህን የጻፈው ሰው እዚያ ነበር? ሠዓሊውስ ምን አይቶ ሣለው? ልጆቹ ስለ ድሮው ኮልፌ አዛውንቶችን ጠይቀው ይምጡ። የሽማግሌው ወሬ ከመጽሐፉ ካልገጠመ አይደንግጡ፤ እኔ እንደማየው ዋናው ትምህርት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። (ማንዴላን ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ የሚል አባት አይጠፋም፤ እሱንም ይጻፉት፣ ግን ማስረጃውን ልጆቹ ይጠይቁ።)

የዐድዋ ታሪክ ተራ ሲደርስም በዚሁ መንገድ ይሂዱ። ንባቡን ግን በማርክ አይለኩት።