የጣና ታንኳና ሠሪዎቹ

የመርከብ መሥሪያ ስፍራ ሲባል የብዙዎቻችን አሳብ ወደ ባሕር ጠረፍ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በባሕር ዳር አካባቢ ግንብም ቆርቆሮም የሌለው፣ ዕድሜው ግን እጅግ የረዘመ መሥሪያ አለ፤ እርሱም ዳርቻው ራሱ ነው። በሙያው የታወቁት ወይጦዎች ናቸው።

ደንገል ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያም እየታሰረ በገመድ ይጠፈራል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። የብረት መርከብ ውሃ ስለማያስገባ ይንሳፈፋል፤ ታንኳን የሚያንሳፍፈው ግን በደንገሉ ልብ ውስጥ የታመቀው አየር ነው። ስለዚህ ውሃ በመካከሉ ቢያልፍም ወዲያው አይሰጥምም። ቀስ በቀስ ግን ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከጉዞ በኋላ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው።

ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን በደንገል ሊሻገር ባሰበ ጊዜ፣ ለ«ራ» የሚሆነውን ደንገል ያስመጣው ከጣና ነበር። ሠሪዎቹን ግን ከቻድ ሐይቅ ወሰደ! በ1961 ዓ.ም. «ራ» ኋላዋ ዘቅጦ ከመንገድ ቀረች፤ በ1962 ዓ.ም. በቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች የተሠራችው «ራ 2» በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች።

እኛስ ብንሆን ሠሪዎቹን መቼ አከበርን? ወይጦ በጎረቤቶቹ ተንቆ የኖረ ወገን በመሆኑ ሙያውም አብሮ ተናቀ። የምህንድስና ተማሪ የታንኳን አጠፋፈር ለክቶ በንድፍ ሊያስቀር ቢፈልግ መቸኮል ይኖርበታል፤ የደንገሉ ስፍራ በእርሻ እየተገፋ ነው፣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህም እምቦጭ ዳርቻውን ወርሮታል።