ስለ መረሬ መሬት ማረሻና መሣሪያን ጥቂት በጥቂት ስለ ማሻሻል

መረሬ መሬት ለም ነው፤ ዳሩ ግን ክረምት ሲገባ ውሃ ይተኛበታል። ስለዚህ ብዙ ገበሬ ዝናሙ እስኪያባራ ድረስ ሳይዘራ ይቆይና በመስከረም በቀረው ርጥበት ይዘራል፤ የክረምቱም ዝናም በከንቱ ያልፋል። በኢትዮጵያ ደጋ እንዲህ ያለው መሬት ከ7 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚበልጥ ተገምቷል።

በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ሰዎች ለዚህ የቆየ መላ አላቸው። በሬዎቹ ካረሱ በኋላ ሴቶችና ልጆች አፈሩን በእጃቸው እየሳቡ ሰፊ መደብና ቦይ ያወጣሉ፤ ውሃውም በቦዩ ይወርዳል። ሥራው መልካም ነው፤ ድካሙ ግን ብርቱ ነው።

ይህን ድካም ለበሬ ለማሸከም በ1970ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ምሥራቅ፥ በጉርድ ሾላ አጠገብ ያለው ኢልካ (ዛሬ ኢልሪ የሚባለው) ከግብርና ሚኒስቴርና ከእርሻ ተመራማሪዎች ጋራ ሠራ። ሠራተኞቹ እንግዳ ሞተር አላመጡም። ገበሬው የሚያውቀውን ማረሻ ሁለቱን አጣምረው፥ አፈሩን ወደ መካከል የሚገፋ ክንፍ አበጁለት፤ ከኋላውም መደቡን የሚያስተካክልና ዘሩን የሚያለብስ ሰንሰለት አሰሩ። መሣሪያው በመጀመሪያ ከብዶ ስለ ተገኘ እንጨቱ አጠረ፥ ክንፉም በብረት ተተካ። እንዲህ በገበሬው ማሳ እየተፈተነ ተሻሻለ።

ይህ አካሄድ በሌላም ሙያ ስም አግኝቷል። በ1993 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በዩታ 17 የኮምፒዩተር ፕሮግራም ባለሙያዎች ተሰብስበው «አጃይል» የተባለውን የአሠራር መንገድ ደነገጉ። አሳቡም ይህ ነው፤ ሥራውን ሁሉ ጨርሶ ከማስረከብ ይልቅ ጥቂቱን ሠርቶ ለተጠቃሚው ማሳየት፥ ቃሉን መስማት፥ ማረምና እንደ ገና ማሳየት።

ነገር ግን በሁለቱ ሙያዎች መካከል ልዩነት አለ። ፕሮግራም ሠሪው ስሕተቱን በሁለት ሳምንት ያርማል፤ ገበሬው ግን ክረምቱ በዓመት አንድ ጊዜ ነውና፥ መሣሪያው ቢበላሽበት የሚያጣው የልጆቹን የዓመት ቀለብ ነው። ስለዚህ ፈተናው በማሳው ጥግ፥ በጥቂት ስፍራ ይሁን።

እንግዲህ አዲስ መሣሪያ ወደ ወረዳው ሲመጣ ሹሙ አስቀድሞ ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት ገበሬዎችን ይምረጥ፤ ብርቱ በሬ ያለውንም ደካማ በሬ ያለውንም ያካትት። በእርሻው ቀን ራሱ ከማሳው ዳር ይቁም፤ በሬው የት እንደ ደከመ፥ ክንፉ የት እንደ ተሰነቀረ ይመልከት። ገበሬውንና ሚስቱን ይጠይቅ፤ አንጥረኛውንም በዚያው ሳምንት ያስጠራ። የታረመው መሣሪያ ዳግመኛ ተፈትኖ ሲወደድ ለብዙዎች ይታደል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ሳይፈተን በትእዛዝ ብቻ ለሺህ ቤት የታደለ መሣሪያ ግን በሪፖርት ተቈጥሮ ከጎተራ ሥር ይቀራል፤ ውሃውም እንደ ቀድሞው በመረሬው ላይ ይተኛል።