የደመወዝ መዝገባችሁ ፊደል እንዳይጠፋ

ውድ እህቶች፣ የተቀበላችሁትን ደመወዝ በኮምፒዩተር በ«ኖትፓድ» በአማርኛ ስትመዘግቡ አቀማመጡን ልብ በሉ። ከ2019 እ.ኤ.አ. በፊት የወጣው ኖትፓድ ሌላ ካልመረጣችሁለት «አንሲ» በሚባለው መንገድ ያስቀምጣል። በዚህ መንገድ የእኛ ፊደል ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ቁጥሩ ይቀራል፤ የየትኛው ወር ደመወዝ እንደሆነ የሚናገረው ቃል ግን ይጠፋል። ፋይሉ ከተዘጋ በኋላም አይመለስም። ስለዚህ፦

1. «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ሴቭ አዝ» የሚለውን ተጫኑ።
2. ለፋይሉ ስም ስጡት።
3. ከታች «ኢንኮዲንግ» ከሚለው ቦታ «ዩቲኤፍ-8»ን መርጣችሁ «ሴቭ» በሉ።
4. ፋይሉን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱና አንብቡት።

ፊደሉ ደህና ከሆነ አንድ ቅጂ ለምታምኑት ዘመድ በኢሜይል ላኩ። እግዚአብሔር የድካማችሁን ዋጋ ይጠብቅላችሁ።