ጺንቱር ከመደረጉ በፊት የክንድ የደም ሥሮችን መመርመር

ሐኪሙ የልብዎን የደም ሥሮች ለማየት «ጺንቱር» ያዝልዎት ይሆናል። ጺንቱር ማለት ቀጭን ቱቦ በደም ሥር ውስጥ እስከ ልብ ድረስ ማስገባት ነው። ቀድሞ ቱቦው በብዛት የሚገባው በብሽሽት ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ በእጅ አንጓ በኩል ነው። ደም የመፍሰስ አደጋው ያነሰ ነው፤ በሽተኛውም ቶሎ ተነሥቶ ይራመዳል።

ወደ መዳፍ ደም የሚያደርሱ ሁለት ዋና የደም ሥሮች አሉ፤ አንዱ በአውራ ጣት፣ ሌላው በትንሿ ጣት በኩል። ቱቦው ብዙ ጊዜ የሚገባበት የአውራ ጣቱ ሥር ስፋቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በአንዳንድ ሰው ይጠባል ወይም ይጠማዘዛል። ትርታውን በጣት መዳሰስ ይህን ስለማያሳይ አንዳንድ ሐኪሞች አስቀድመው በአልትራሳውንድ ያዩታል። ክንድዎን ዝልግልግ ቅባት ቀብተው አንድ መሣሪያ ያንሸራትቱበታል። መርፌ የለውም፤ ደም አይወሰድም፤ ጨረርም የለውም። ሥሩ ጠባብ ከሆነ ሌላው እጅ ወይም ብሽሽት ይመረጣል። ይህ በሽታዎ ብሶብዎታል ማለት አይደለም።

ከዚህ በፊት በዚያው እጅ ጺንቱር ተደርጎልዎት ከሆነ ይናገሩ። ሥሩ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ሥር ደም ስለሚያደርስ እርስዎ ላይታወቅዎት ይችላል።

ለጺንቱሩ ከቁፓት ሆሊም «ቶፌስ 17» ይያዙ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ሐኪም ሳያዝዝ አያቋርጡ። ያልገባዎትን ወረቀት አይፈርሙ፤ በ1996 የወጣው የበሽተኛ መብት ሕግ ሐኪሙ በሚገባዎት መንገድ እንዲያስረዳዎት ያዛል። የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ልጅዎን አያስተርጉሙ፤ ልጁ ዕብራይስጡን ቢያውቅም ደንግጦ ዋናውን ነገር ሊዘልለው ይችላል።