የመኪና ስዕል ለምን ያታልላል?

ባለፈው ሳምንት ከዴስክ ጓደኛዬ ጋር በመኪና ስዕል ተኳርፈን ነበር። ፎልክስዋገን እ.ኤ.አ. በ2023 አይዲ ቱ ኦል የሚባል ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ገና ለሽያጭ ሳይደርስ አሳይቶ ነበር። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ5 ሳንቲ ነው። ጓደኛዬ ስዕሉን ደብተሩ ላይ ለጥፎ «ከቪትዝ መቶ ጊዜ ያምራል» አለ። እኔ ደግሞ «ስዕል ስለሆነ ነው» አልኩት።

ለማረጋገጥ የአጎቴን ቪትዝ በሜትር ለካሁ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ50፣ ጎማው ከነቸርኬው 58 ሳንቲ ሆነ። ስናካፍለው 39 በመቶ ይሆናል። ስዕሉን በማስመሪያ ስለካው ግን ጎማው የቁመቱን ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው! ዲዛይነሮች መጀመሪያ ሲስሉ ብዙ ጊዜ ጎማውን ያተልቁታል፣ መስኮቱን ያጠቡታል፣ ጣራውን ዝቅ ያደርጉታል። ያኔ መኪናው ሊሮጥ የተዘጋጀ ይመስላል።

ሲሠራ ግን ሰው ይገባበታል። ትልቅ ጎማ ቦታ ይሻማል፣ ዋጋውም ይወደዳል። መስኮቱ በጣም ከጠበበ ደግሞ ሹፌሩ ማርሽ ኋላ ሲያስገባ ከኋላ የቆመ ሕፃን ላያይ ይችላል። አጎቴ ይሄን ሲሰማ «እኔ ስገዛ መጀመሪያ ያየሁት ወንበሩን ነው» ብሎ ሳቀ።

አንድ ነገር ላይ ግን ጓደኛዬ ረታኝ። ከኋላ በር ቀጥሎ ያለውን ሰፊ ቋሚ አሳየኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ከወጣው ከመጀመሪያው ጎልፍ የመጣ ቅርጽ ነው። እኔ ጎማውን ስለካ እሱን አላየሁትም ነበር። አሁን ደግሞ «የዳይሬክተራችንን መኪና እንለካ» ይለኛል፤ እኔ ግን ፈራሁ።